ላዲ ክዋሊ፤ ከመንደር ሸክላ ሠሪነት እስከ መምህርነት

ትምህርት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰው አሳብ የሚመጣው ፊደልና ቍጥር፣ ጥቍር ሰሌዳና መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ፊደል ሳይቈጠር እጅ የሚያውቀው፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአክስት ወደ ወንድም ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሌላ ዕውቀት አለ። ይህ ዕውቀት የምስክር ወረቀት የለውም፤ ፈታኙም እሳት ነው። ከጭቃ የተሠራው ዕቃ ከእሳት ውስጥ ሳይሰነጠቅ ከወጣ ሠሪው አልፏል፤ ከተሰነጠቀም ወድቋል። በዚህ ዐይነቱ ትምህርት ቤት ሠልጥና፣ ኋላም የብዙ አገር ሊቃውንትን በዙሪያዋ አቁማ ያስተማረች አንዲት አፍሪካዊት ነበረች፤ ስሟም ላዲ ክዋሊ ይባላል። የሕይወት ታሪኳ በማስተማር ሥራ ላይ ለተሰማራ ሰው ሁሉ አንድ ከባድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ይኸውም፣ ተማሪው ዕውቀት ይዞ በመጣ ጊዜ መምህሩ ምን ማድረግ ይገባዋል? የሚለው ነው።

ላዲ በ1925 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ናይጄሪያ በክዋሊ መንደር ተወለደች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ናይጄሪያ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ወገኗ ጎረቤቶቹ ጓሪ ሲሉት ራሱን ግባጊ ብሎ ከሚጠራው ሕዝብ ነው። ላዲ የሚለው ስም በሐውሳ ቋንቋ በእሑድ ቀን ለተወለደች ሴት ልጅ የሚሰጥ ሲሆን፣ ክዋሊ የሚለው ግን የመንደሯ ስም ነው። በዚያ አገር ሰውን በትውልድ ስፍራው ስም መጥራት የተለመደ ስለሆነ፣ ኋላ በዓለም የታወቀችው በዚሁ ስም ሆነ፤ መንደሪቱም ከልጇ ጋር አብራ ታወቀች።

በግባጊ ሕዝብ ዘንድ ሸክላ መሥራት የሴቶች ሙያ ነው። ላዲም ሙያውን በልጅነቷ ከአክስቷ ተማረች። የአክስቷ አስተማሪነት በንግግር ሳይሆን በማሳየት ነበር፤ ልጅቱ ታያለች፣ ትሞክራለች፣ ይበላሽባታል፣ እንደ ገናም ትሞክራለች። አፈሩን መምረጥ፣ ጠጠሩን መልቀም፣ ውሃውን መመጠን፣ ጭቃውን ረግጦ ማልፋት፣ እነዚህ ሁሉ ከቅርጹ በፊት የሚመጡ ትምህርቶች ናቸው። በዚህ ረገድ የዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ሴት ሥራ በኢትዮጵያ መንደሮች እንስራና ማሰሮ ከሚሠሩት ሴቶች ሥራ የራቀ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠሪዋ አንድ ድብልብል ጭቃ በመቀመጫ ላይ ታኖርና በጡጫዋ መካከሉን ታጐደጕደዋለች። ከዚያም ግድግዳውን በጣቶቿ ወደ ላይ እየሳበች ታወጣዋለች። ሲያልቅባት ደግሞ ሌላ ጭቃ በመዳፏ እንደ ወፍራም ገመድ አድቦልቡላ በጫፉ ላይ ትጨምርበታለች። ዕቃው በስፍራው እንደ ተተከለ ይቆማል፤ የምትዞረው ሠሪዋ ናት። ወገቧን ጐንበስ አድርጋ፣ አንድ እጇን ከውስጥ ሌላውን ከውጭ አኑራ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች በዕቃው ዙሪያ ትሽከረከራለች። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ የተገለበጠ ታላቅ የውሃ እንስራ በዚህ ዐይነት ያለ ምንም መሣሪያ መጠኑ ሳይዛባ ይወጣል። ይህን የሚለካው ዐይንና እግር ብቻ ነው።

ላዲን ከሌሎቹ የለያት ግን ጌጡ ነበር። ጭቃው ገና እርጥበቱ ሳይለቀው በላዩ ላይ ክርክር ያለበትን ትንሽ እንጨት እያንከባለለች በዕቃው ዙሪያ መቀነት የመሰለ ጥለት ታወጣለች። በጥለቱ መካከል በተተወው ባዶ ስፍራም እንሽላሊት፣ እስስት፣ ጊንጥ፣ አዞ፣ እባብ፣ ዓሣና ወፍ በስለት እየጫረች ትሥላለች። እንስሳቱ እንደ ፎቶግራፍ የተቀዱ አይደሉም፤ በመስመርና በነጥብ የተገነቡ ስለ ሆኑ ከጥለቱ ጋር አንድ ይሆናሉ። ዕቃው ሰፋ ባለበት ሥዕሉ ይሰፋል፤ በጠበበበትም ይጠባል። ስለዚህ ቅርጹና ጌጡ ተለያይተው የማይታዩ ነበሩ። ከደረቀ በኋላ ዕቃው በሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር ተሸፍኖ ይተኰሳል፤ ገና ትኩስ ሳለም የዛፍ ፍሬ ቅርፊት በተዘፈዘፈበት ውሃ ይረጫል፤ በዚህም ጥቂት ወዝ ያገኛል። ከቤተ ሰቧ እንደሚነገረው፣ የላዲ ሥራ ገበያ ሳይደርስ በመንገድ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነበር።

እነዚህ ዕቃዎች ያማሩ ቢሆኑም የተሠሩት ለአገልግሎት ነበር። በሜዳ እሳት የተተኰሰ ሸክላ በግድግዳው ውስጥ ለዐይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። በእነዚህ ቀዳዳዎች ውሃው ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ ይወዛል፤ የወዛውም ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ውስጥ ያለው ይቀዘቅዛል። በዚያ በሐሩር አገር ይህ እንስራ ለቤት ታላቅ ሀብት ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ የሚመጣው የቆርቆሮና የብርጭቆ ዕቃ በገበያ እየበዛ ሄዶ ነበር። የማይሰበር ሳሕን በተገኘበት ገበያ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የእናቷን ሙያ ለመማር የምትጓጓበት ምክንያት እየቀነሰ እንዲሄድ ግልጽ ነው።

በአካባቢው የነበሩት የአቡጃ አሚር አልሐጂ ሱለይማን ባራው የላዲን እንስራዎች አይተው ስለ ወደዱአቸው እየገዙ በቤተ መንግሥታቸው አኖሩአቸው። ይህች አቡጃ የዛሬይቱ የናይጄሪያ ዋና ከተማ አይደለችም። በ1976 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ ዋና ከተማ እንዲሠራ ከወሰነ በኋላ ስሙ ወደ አዲሲቱ ከተማ ሲሄድ፣ አሮጌይቱ አቡጃ ሱሌጃ ተብላለች። በ1950 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊ እንግዳ በአሚሩ ቤት እነዚህን እንስራዎች ተመለከተ። ይህ ሰው ማይክል ካርዲው ነበር።

ካርዲው በ1901 ዓ.ም. የተወለደ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንት ግሪክና ሮማ ጽሑፎችን የተማረ ሰው ነበር። የቀለም ትምህርቱን ጨርሶ ሳለ በ1923 ዓ.ም. በሴንት አይቭስ ወደ ነበረው ወደ ታዋቂው ሸክላ ሠሪ ወደ በርናርድ ሊች ሄዶ የእጅ ሥራ ደቀ መዝሙር ሆነ። በ1942 ዓ.ም. ዛሬ ጋና ወደምትባለው ወደ ጎልድ ኮስት ሄዶ በአቺሞታ ኮሌጅ ሸክላ አስተማረ። በዚያ የተሰጠው ሥራ በብዛት የሚያመርት ፋብሪካ ማቋቋም ነበረ፤ ነገር ግን እቶኑ እየተበላሸ፣ ዕቃው እየተሰነጠቀ፣ ዕዳው እየበዛ ስለ ሄደ በ1945 ዓ.ም. ተዘጋ። ካርዲው ግን ተስፋ አልቈረጠም። ከዚያ በኋላ በቮልታ ወንዝ ዳር በምትገኝ መንደር ለብቻው እየሠራ ሦስት ዓመት ያህል ቈየ፤ ጤናው ስለ ታወከም በ1948 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። የናይጄሪያ ቅኝ መንግሥት የሸክላ ሥራ ሹም አድርጎ በጠራው ጊዜ፣ ከውድቀቱ የተማረ ሰው ሆኖ ነበር የመጣው።

የመንግሥቱ አሳብ በዘመናዊ አሠራር የአገሩን ሸክላ ማሻሻልና በውጭ ዕቃ ምትክ በአገር የተሠራ ማቅረብ ነበር። ካርዲውም አገሩን ዞሮ ከተመለከተ በኋላ በአቡጃ የሸክላ ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋመ፤ ማዕከሉም በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚያ የሚሰጠው ትምህርት በእግር ወይም በእጅ በሚዞር መንኰራኩር ላይ ዕቃ ማውጣትን፣ በእንጨት በሚነድ በተዘጋ እቶን ከ1,250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መተኰስን፣ እንዲሁም በእሳት ቀልጦ እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ቅብ መቀባትን ይጨምር ነበር። ይህን ያህል ሙቀት ያገኘ ሸክላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውሃም አያወዛም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ነበር። በአካባቢው ሸክላ የሚያውቁት ሴቶች ሆነው ሳለ፣ ወደ ማሠልጠኛው መጀመሪያ የገቡት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ሸክላን ጨርሶ የማያውቁ ወጣቶች ገብተው ሲማሩ፣ የሙያው ባለቤቶች ከቅጥሩ ውጭ ቀርተው ነበር። እንዲህ ያለው ስሕተት በሸክላ ብቻ የታየ አይደለም፤ አዲስ ትምህርት በገባበት አገር ሁሉ ቀድሞ የነበረውን ዕውቀት እንደሌለ መቍጠር የተለመደ ነው። ላዲ ክዋሊ በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ማሠልጠኛው ገባች፤ በዚያም የመጀመሪያይቱ ሴት እርስዋ ሆነች። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበር። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብታ ያልተማረች ብትሆንም፣ በጭቃ ሥራ ግን በዚያ ከነበሩት ሠልጣኞች ሁሉ የቀደመች ነበረች።

ላዲ መንኰራኩሩን ተማረች። ይህ ለእርስዋ ቀላል ለውጥ አልነበረም። በልጅነቷ የተማረችው ዕቃው ቆሞ ሠሪዋ የምትዞርበትን ሲሆን፣ አዲሱ አሠራር ደግሞ ዕቃው እየዞረ ሠሪው የሚቀመጥበት ነው፤ የእጅ ልምድ ሁሉ ይገለበጣል። ይሁን እንጂ በትጋቷ ሳሕንና ጐድጓዳ ወጭት፣ ማሰሮና ክዳን ያለው ዕቃ በመንኰራኩር ማውጣት ቻለች፤ በጥቍር ቅብ ላይም ጌጡን በስለት እየፋቀች ማውጣትን አወቀች።

ታላቅ ሥራዋ ግን አዲሱን ተምራ አሮጌውን ባለመጣሏ የተገኘ ነው። ትልልቆቹን እንስራዎች እንደ ቀድሞው በእጇ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች መሥራቷን ቀጠለች። ጭቃው ግን የመንደሩ ጭቃ መሆኑ ቀርቶ ከፍ ያለ ሙቀት የሚችል ሆነ። በስለት በጫረችው መስመርና በእንጨቱ ባወጣችው ጥለት ውስጥ ከካኦሊንና ከፌልድስፓር የተዘጋጀ ነጭ ውጥ ትሞላለች፤ በላዩም ሥሩን የሚያሳይ አረንጓዴ ቅብ ይቀባና ወደ እቶኑ ይገባል። ሲወጣም እንሽላሊቱና ጊንጡ በአረንጓዴ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነጭ ነገር ይታያሉ። ቅርጹ የክዋሊ መንደር፣ ቅቡ ከሩቅ ምሥራቅ በሊችና በካርዲው በኩል የመጣ፣ እሳቱም የአቡጃ ነበር። ሦስቱም በአንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ ማንኛውም ለብቻው ሊወልደው የማይችል ነገር ተወለደ።

የመምህሩ ድርሻ እዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባዋል። ካርዲው እቶኑን፣ ቅቡንና መንኰራኩሩን ሰጣት፤ ጌጧን ግን አልነካባትም። የእንግሊዝ አበባ እንድትሥል ቢያስገድዳት ኖሮ ሰነፍ ቀጂ ባደረጋት ነበር። እርሱ ግን ከእርስዋ የሚማረው እንዳለ ስላወቀ አሠራሯን በትኵረት ይመለከት፣ ለሌሎችም ያሳይ ነበር። በአቺሞታ የደረሰበት ውድቀት፣ ከሰው ዕውቀት ይልቅ በብዛት ማምረትን ማስቀደም ወዴት እንደሚያደርስ አስተምሮት ሳይሆን አይቀርም።

ይሁንና በዚህ ለውጥ የተገኘውን ሲናገሩ የቀረውንም አለመናገር እውነትን ማጕደል ይሆናል። በቅብ የተሸፈነው አዲሱ እንስራ ውሃ ስለማያወዛ ውሃ አያቀዘቅዝም። ዋጋውም ስለሚወደድ የመንደሪቱ ሴት አትገዛውም። ገዢዎቹ በከተማ የሚኖሩ ባለሥልጣኖችና የውጭ አገር ሰዎች፣ ቤተ መዘክሮችም ነበሩ። ውሃ ሊቀዳበት የተፈለሰፈው ቅርጽ በመደርደሪያ ላይ ቆሞ የሚታይ ሆነ። ሳሕኑና ማሰሮው ግን አገልግሎታቸውን አልተዉም፤ በማዕድ ላይ ቀርበዋል። ስለዚህ ላዲ በሕይወቷ ሁለት ዐይነት ሸክላ ሠርታለች ማለት ይቻላል፤ ሰው የሚገለገልበትንና ሰው የሚያስታውስበትን።

የላዲ መግባት ለሌሎች ሴቶች በር ከፈተ። ሀሊማ አውዱ፣ አሲቢ ኢዶና ካንዴ ኡሻፋ እርስዋን ተከትለው በማሠልጠኛው ሠሩ። የእጅ ሥራቸውም ከወንዶቹ የመንኰራኩር ሥራ ጐን ቆሞ የአቡጃ ሸክላ መለያ ሆነ። በ1958፣ በ1959 እና በ1962 ዓ.ም. በሎንዶን በበርክሌይ ማዕከለ ሥዕል የአቡጃ ሸክላ ለሕዝብ በታየ ጊዜ የላዲ እንስራዎች ብዙ አድናቆት አገኙ። በ1960 ዓ.ም. ናይጄሪያ ነጻነቷን ባወጀችበት በዓልም ሥራዋ ከአገሪቱ የጥበብ ሥራዎች ጋር ቀርቦ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያም ወደ እንግሊዝ ሄዳ በሥነ ጥበብ ኮሌጆች በተማሪዎችና በመምህራን ፊት አሠራሯን አሳየች፤ በፈረንሳይና በጀርመንም እንዲሁ አደረገች። የእንግሊዝ መንግሥትም ኤም ቢ ኢ የተባለውን ኒሻን ሸለማት።

ካርዲው በ1965 ዓ.ም. ከሥራው በጡረታ ቢሰናበትም የሁለቱ የሥራ ጓደኝነት አልተቋረጠም። በ1972 ዓ.ም. ከካርዲውና ክሌመንት ኮፊ አቴ ከተባለው ከጋናዊው ሸክላ ሠሪ ጋር ሆና በአሜሪካ ከተማ ለከተማ ተዘዋወረች። ካርዲው ሲናገር እርስዋ ትሠራ ነበር። በአዳራሹ የተሰበሰበው ሰው የእርስዋን ቋንቋ አያውቅም፤ እርስዋም የእነርሱን ቋንቋ ያን ያህል አትናገርም። ነገር ግን አንዲት ሴት ያለ መሣሪያ ወደ ኋላ እየተራመደች ከአንድ እፍኝ ጭቃ ታላቅ እንስራ ስታወጣ ለማየት አስተርጓሚ አላስፈለገም። አክስቷ በክዋሊ ያስተማረቻትም በዚሁ መንገድ ነበርና፣ እርስዋም ዓለምን ያስተማረችው እንደ ተማረችው ነው።

በ1974 ዓ.ም. አንዲት ከኬንያ የመጣች ወጣት ተማሪ ወደ አቡጃ መጣች። ይህች በናይሮቢ የተወለደችው መግደሊን ኦዱንዶ ስትሆን፣ በእንግሊዝ ሥነ ጥበብ በመማር ላይ ሳለች በካርዲው ምክር ወደ ናይጄሪያ ሄዳ ከላዲና ከሌሎቹ የግባጊ ሴቶች በእጅ መሥራትን ተማረች። የእንግሊዝ ኮሌጅ ተማሪ ስትሆን ሸክላን በእጅ ማነጽ የተማረችው ኮሌጅ ካልገባች ሴት ነው። ኦዱንዶ ኋላ በዓለም ከታወቁት ሸክላ ሠሪዎች አንዷ ሆነች፤ በ2018 ዓ.ም. በእንግሊዝ የአንድ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆና ተሾመች። ከክዋሊ መንደር የተነሣው የእጅ ዕውቀት በዚህ ዐይነት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ተላለፈ።

በአገሯ የተሰጣት ክብርም ቀላል አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. በዛሪያ የሚገኘው የአህማዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። በ1980 ዓ.ም. የናይጄሪያ መንግሥት በዕውቀት ለተመሰገኑ ሰዎች የሚሰጠውን ብሔራዊ የክብር ሽልማት ሸለማት፤ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ የኒጀር ኒሻን በኦፊሰር ማዕርግ ተሰጣት። የአቡጃ ማሠልጠኛም ኋላ በስሟ ተጠራ። የመጀመሪያይቱ ሴት ሆና የገባችበት ቅጥር በመጨረሻ የእርስዋን ስም ተሸከመ።

ላዲ ክዋሊ ነሐሴ 12 ቀን 1984 ዓ.ም. በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ገደማ ዐረፈች፤ ካርዲው ከእርስዋ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1983 ዓ.ም. ዐርፎ ነበር። ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ በ2007 ዓ.ም. የናይጄሪያ መንግሥት በታተመው አዲስ የ20 ናይራ ገንዘብ ጀርባ ላይ እንስራ ስትሠራ የሚያሳየውን ሥዕሏን አኖረ። በአገሪቱ ገንዘብ ላይ ሥዕሏ የወጣ የመጀመሪያይቱ ስም ያላት ናይጄሪያዊት ሴት እርስዋ ናት። እንስራዋን ሊገዛ የማይችል ድኻ እንኳ በገበያ ሥዕሏን በእጁ ይዞ ይውላል።

ከዚህ ታሪክ ለመምህራን የሚቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ በብዙ የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂና ሸማኔ ሲናቁ መኖራቸውን ማስታወስ ነው። የባለሙያ ልጅ በክፍል ውስጥ የእናቱን ሥራ ለመናገር የሚያፍር ከሆነ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ዕፍረቱን ማስወገድ ግን በመምህሩ እጅ ነው። ሁለተኛው፣ አዲስ ዕውቀት መስጠት ማለት ቀድሞ የነበረውን መንቀል ማለት አለመሆኑን መገንዘብ ነው። ላዲ እቶኑን ከመምህሯ ተቀብላለች፤ እንሽላሊቱን ግን ከክዋሊ ይዛው መጥታለች። መምህሯ እንሽላሊቱን እንድትጥል አዝዟት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሟን የሚጠራ ባልኖረም ነበር።

በየትምህርት ቤቱ በኋለኛው ወንበር ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ በፊደል የዘገየ፣ በእጁ ግን የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም። መምህሩ ያንን ልጅ በአንድ ቀን ወደ ፊት ጠርቶ የሚያውቀውን እንዲያሳይ ቢያደርገው፣ የክፍሉ ትምህርት በዚያ ቀን አይጐድልም፤ ይበዛል እንጂ።